የፈተና ሰሞን ምችና ኮርቲሶል

ፋይናል ሲቃረብ በየዶርሙ ከንፈሩ ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል ይዞ የሚነሳ ተማሪ ይበዛል። "ምች መታኝ" ይላል። አንዱ ዳማከሴ አሽቶ ያሸተዋል፤ ሌላው ከሎከሩ ቅባት አውጥቶ "ይሄን ቀባ አድርግበት" ይለዋል። ባለፈው ሴሚስተር እኛ ዶርም የሆነው ይኸው ነው። ቅባቱ ለብጉር ተብሎ የተገዛ ነበር፤ ስሙን ሳነበው ቤታሜታዞን ይላል። ወንድማችን ሁለት ቀን ተቀባው። ቁስሉ በመድረቅ ፋንታ ወደ አፍንጫው ሥር ሰፋ። ምክንያቱን ለማስረዳት ስለ አንድ ሆርሞን ማውራት ይኖርብኛል።

ይህን ቁስል የሚያመጣው ሄርፒስ ሲምፕሌክስ የሚባል ቫይረስ ነው። ብዙዎቻችንን የሚይዘን በልጅነታችን ሲሆን አንዴ ከገባ በኋላ ከሰውነት አይወጣም፤ የፊታችንን ስሜት ወደ አእምሮ ከሚያደርሰው ነርቭ ሥር ተደብቆ ይተኛል። ነጭ የደም ሴሎች እንደ ዘበኛ ከደጁ ይጠብቁታል። ትኩሳት፣ ጠንካራ ፀሐይ ወይም ጭንቀት ሲመጣ ይነቃና በነርቩ በኩል ተመልሶ ከንፈር ላይ ይወጣል። (እናቶቻችን "ፀሐይ መቶህ ነው" ማለታቸው መሠረት የለሽ አይደለም፤ የፀሐይ ጨረር በእርግጥ ይቀሰቅሰዋል።)

ፀሐዩስ ይሁን፤ ጭንቀት ግን ቫይረስን እንዴት ይቀሰቅሳል? ስንጨነቅ አእምሮ በፒቱታሪ ዕጢ በኩል፣ ኩላሊታችን አናት ላይ እንደ ቆብ ለተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች መልእክት ይልካል። እነሱም ኮርቲሶል ያመነጫሉ። ኮርቲሶል ለጊዜው ኃይል እንድናገኝ ስኳር ወደ ደም ያስለቅቃል። በሽታ መከላከያችን ላይ ደግሞ እንደ ፍሬን ይሠራል፦ ነጭ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ፣ ሴሎቹ እርስ በርስ "ጠላት መጣ" የሚባባሉባቸውን ኬሚካሎች የሚያመርቱ ጂኖችን ጸጥ ያሰኛል። ፍሬኑ በራሱ መጥፎ ነገር አይደለም። እሱ ባይኖር ብግነቱ መቆሚያ አጥቶ የራሳችንን አካል ይጎዳ ነበር። በጤናማ ሰው ላይ ኮርቲሶል እኩለ ሌሊት አካባቢ ዝቅ ይላል፣ ከንጋት በፊት መውጣት ይጀምራል፣ ከእንቅልፍ በነቃን በአንድ ሰዓት ውስጥ ጣሪያው ላይ ይደርሳል። ችግሩ ጭንቀቱ ለሳምንታት ሲቀጥልና ሌሊቱ ያለ እንቅልፍ ሲያልፍ ነው።

በ1991 እ.ኤ.አ. ሼልደን ኮኸንና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ደፋር ነበር። 394 ጤነኛ ፈቃደኞች የጭንቀት መጠናቸው በመጠይቅ ከተለካ በኋላ የጉንፋን ቫይረስ ያለበት ጠብታ አፍንጫቸው ውስጥ ገባላቸው። ብዙም ካልተጨነቁት ውስጥ 27 በመቶ ያህሉ፣ በጣም ከተጨነቁት ውስጥ 47 በመቶ ያህሉ ጉንፋን ያዛቸው። በ2015 በ164 ሰዎች ላይ በተደረገ ተመሳሳይ ሙከራ ደግሞ ሌሊት ከ6 ሰዓት በታች የተኙት፣ ከ7 ሰዓት በላይ ከተኙት ይልቅ ለጉንፋን ያላቸው ተጋላጭነት 4 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። እዚህ ላይ ግን ሁሉንም በኮርቲሶል ማመካኘት ልክ አይደለም፤ አድሬናሊንና ሌሎችም ድርሻ አላቸው። የፆታ ሆርሞኖችም እንዲሁ፦ ከጉንፋን መሰሉ ኢንፍሉዌንዛ ክትባት በኋላ ሴቶች በአብዛኛው ከወንዶች የበለጠ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱበት አንዱ ምክንያት ኢስትሮጅንና ቴስቶስተሮን ናቸው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን በ1992 የታተመው የኦሃዮ ጥናት ነው። 48 የሕክምና ተማሪዎች የሄፓታይተስ ቢ ክትባታቸውን ሆን ተብሎ በፈተና ሰሞን ተከተቡ። ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ፀረ እንግዳ አካል የታየባቸው 12ቱ ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ከሌሎቹ ያነሰ ጭንቀት የነበረባቸው ናቸው። በሦስተኛው መርፌ ጊዜ የተሻለ ምላሽ ያሳዩት ደግሞ አለሁልህ የሚላቸው ሰው ያላቸው ተማሪዎች ነበሩ። የጤና ተማሪ የሆናችሁ እህትና ወንድሞች፣ ይህን ክትባት "በፈተና ሰሞን ነው" ብላችሁ አትዝለሉት፤ ሦስቱንም መርፌ መጨረስ ነው ዋናው።

አሁን ወደ ቅባቱ። ቤታሜታዞን፣ ዴክሳሜታዞን፣ ፕሬድኒሶሎን የሚባሉት መድኃኒቶች የኮርቲሶል ሰው ሠራሽ ዘመዶች ናቸው፤ ፍሬኑን ከውጭ መርገጥ ማለት ነው። በ2020 በብሪታንያ የተካሄደው ሪከቨሪ የተሰኘ ሙከራ ጠባያቸውን በግልጽ አሳይቷል። ዴክሳሜታዞን በመተንፈሻ ማሽን ላይ የነበሩ የኮቪድ ሕሙማንን ሞት በአንድ ሦስተኛ ያህል ቀነሰ። ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ሕሙማን ግን ጥቅም አልሰጠም። በጽኑ ሕሙማኑ ላይ ሳንባውን የሚጎዳው በአብዛኛው ከልክ ያለፈው የራስ መከላከያ ስለነበር ፍሬኑ ረዳቸው። ቫይረሱ ገና በሚባዛበት ጊዜ ግን የሚያስፈልገን መከላከያው እንዲሠራ ነው። ወንድማችን ከንፈር ላይ የሆነውም ይኸው ነበር፤ በፈተናው የደከሙትን ዘበኞች በቅባቱ ጭራሽ አስተኛናቸው።

አልሐምዱሊላህ እሱ ቅባቱን አቁሞ በፀረ ቫይረስ መድኃኒት ተሻለው። የበለጠ የሚያስፈራው ዓይን ነው። ይኸው ቫይረስ ዓይን ውስጥ ሲገባ ዓይን ይቀላል፣ ያማል፣ ብርሃን ማየት ይከብዳል። በዚህ ጊዜ ከጓደኛ ተውሶ ዴክሳሜታዞን ያለበት ጠብታ ማድረግ የዓይኑን ብሌን አቁስሎ እይታን እስከማሳጣት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ምች ያለበት ሰው ፎጣውንና ኩባያውን ይለይ፣ ቁስሉን በነካ እጁ ዓይኑን አይንካ። ዓይኑ ከቀላ በዚያው ቀን ክሊኒክ ይሂድ። ሐኪም አዞላችሁ ለሳምንታት ፕሬድኒሶሎን የምትወስዱ ግን ይህን አንብባችሁ በድንገት እንዳታቆሙ፤ አድሬናል ዕጢያችሁ ሥራውን እስኪጀምር ጊዜ ስለሚፈልግ መድኃኒቱ የሚቀነሰው በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው።