እህል ባለበት አገር ሰው ስለምን ይራባል?

(ለከተማ ነዋሪዎችና ለአገር አስተዳዳሪዎች የተዘጋጀ ትምህርት)

ዝናም ሲቀር ሰብል ይጠፋል፤ ሰብል ሲጠፋም ሰው ይቸገራል። ይህን የማያውቅ የለም። ስለዚህም ብዙ ሰው ድርቅንና ረኀብን እንደ አንድ ነገር ይቈጥራቸዋል። ነገር ግን ድርቅ ከሰማይ የሚመጣ ሲሆን፥ ረኀብ ግን በአብዛኛው በምድር ላይ የሚሠራ ነው። የዚህ ትምህርት ዐላማ፥ ከድንበራችን ማዶ ያለችውን ወድ ኤል ሒለውንና የገዳሪፍን አካባቢ ምሳሌ አድርጎ ይህንኑ ልዩነት ማስረዳት፥ እንዲሁም ረኀብ ከመግባቱ አስቀድሞ የሚታዩትን ምልክቶች ማመልከት ነው። ልዩ ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር የተጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

፩. የቦታው ሁኔታ

የተከዜ ወንዝ ሑመራን አልፎ ወደ ሱዳን ሲዘልቅ ሰቲት ይባላል። ወድ ኤል ሒለው በዚሁ ወንዝ አጠገብ በከሰላ ግዛት የምትገኝ ከተማ ናት። ከርስዋ በስተ ደቡብ ምዕራብ ያለው የገዳሪፍ አገር ጥቁር ዋልካ መሬት ሲሆን፥ ማሽላና ሰሊጥ በብዛት ይመረትበታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን እንግሊዞች ለሠራዊታቸው ቀለብ ብለው በትራክተር ማረስን በዚያ ጀመሩ፤ ከዚያ ወዲህም እርሻው እየሰፋ ሄዶ አገሩ የሱዳን ጎተራ ለመባል በቃ። ከጎንደር በኩል በየዓመቱ ለአረምና ለአጨዳ ወደዚያ የሚሻገሩት የቀን ሠራተኞች ይህን በዐይናቸው ያዩ ናቸው።

እንግዲህ ወድ ኤል ሒለውና በዙሪያዋ ያሉት መንደሮች በጎተራው ደጃፍ ላይ ያሉ ናቸው። ይሁን እንጂ ስማቸው በዓለም ዘንድ የተሰማው ስለ እህላቸው ብዛት ሳይሆን፥ በነርሱ ስለ ተጠለለው ስደተኛ ነው።

፪. ሁለት ክፉ ዘመናት

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በአገራችን «ክፉ ቀን» የተባለው ረኀብ ሆነ። የከብት በሽታ በሬዎችን ስለ ፈጀ፥ መሬቱና ገበሬው ሳይጠፉ የሚያርስበት ጠፋ። በዚያው ጊዜ በሱዳንም በ1306 ዓመተ ሒጅራ የሆነው ረኀብ «ሰነት ሲታ» ማለት «ስድስተኛው ዓመት» ተብሎ እስከ ዛሬ ይነገራል። በመተማና በገላባት ግንባር ሁለቱ አገሮች ይዋጉ ስለ ነበር፥ ጦርነቱ አራሹን ከእርሻው ነቅሎ የተረፈውንም እህል ለሠራዊት ቀለብ አዋለው። ድንበሩ ሰውን ቢለይም ረኀቡን አልለየውም።

ሁለተኛው በ1977 ዓ.ም. የሆነው ነው። በዚያ ዓመት ድርቁ ከጦርነት ጋር በመግጠሙ ከ150,000 የሚበልጥ ሕዝብ፥ አብዛኛው ከትግራይ፥ የአየር ድብደባን እየፈራ በሌሊት በእግሩ ተጕዞ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገባ። እንደ ወድ ኮውሊና እንደ ኡም ራኩባ ያሉት ሰፈሮች በሰው ተጨናነቁ። እዚያ ከደረሱት ብዙዎቹ ሕፃናት የሞቱት እህል ከታደለ በኋላ ነው፤ የገደላቸውም ኩፍኝና ተቅማጥ ነበር። በረኀብ የደከመ ገላ በሽታን መቋቋም ስለማይችል፥ ሌላ ጊዜ ሕፃን በሳምንት የሚድንበት ሕመም በዚያን ጊዜ ለሞት ያበቃዋል።

በዚያው ዓመት ክረምት ሳይገባ በብዙ ዐሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች ለእርሻ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ገበሬ ከቀየው የሚወጣው ሌላ መንገድ ሁሉ ሲዘጋበት ነው፤ የዘር ጊዜ ሲደርስ ግን ልቡ ወደ መሬቱ ይመለሳል።

፫. እህል መኖርና እህል ማግኘት

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረኀብ ሲያልቅ፥ ከደሴ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ እህል ይወጣ እንደ ነበር አማርትያ ሴን የተባለው የሕንድ የኢኮኖሚ ሊቅ በጥናቱ አስረድቷል። ምክንያቱም ሰብሉ የጠፋበት ገበሬና ከብቱ ያለቀበት ዘላን መግዣ ስላልነበራቸው፥ ነጋዴው እህሉን ገንዘብ ወዳለበት ወሰደው። እህል በገበያ መኖሩ ብቻውን አያጠግብም፤ ሰው ወይ ያመረተው፥ ወይ መግዣ ገንዘብ፥ ወይ የሚሰጠው ወገን ሊኖረው ያስፈልጋል። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ጊዜ ሲቋረጡ ረኀብ ይሆናል።

በቅርቡ የታየውም ይህንኑ ያጸናል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ተነሣ። በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባ የሸሹትን ስደተኞች የተቀበለው ገዳሪፍ፥ አሁን ደግሞ ከካርቱምና ከሌሎች ግዛቶች የተፈናቀሉትን ተቀበለ። ከሱዳናውያንም ብዙዎች በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ፤ በአንድ ወቅት ስደተኛ የሄደበት መንገድ ሌላ ጊዜ የአስተናጋጁ መሸሻ ሆነ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዳርፉር በዘምዘም ሰፈር ረኀብ መግባቱ በባለሙያዎች ተረጋገጠ። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ የተሰበሰበው የሱዳን ምርት ከቀደመው ዓመት እጅግ የተሻለ ቢሆንም፥ በታኅሣሥ ወር ረኀቡ ወደ ሌሎች ቦታዎች መዛመቱ ተነገረ። ማሽላው በምሥራቅ ሲታጨድ፥ በምዕራብ ያለው ሕዝብ በከበባና በተዘጋ መንገድ ምክንያት ሊያገኘው አልቻለም።

በዓለምም ዘንድ ነገሩ እንዲሁ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2024 ከ670 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ፥ ማለት ከመቶው 8 ያህሉ፥ በቂ ምግብ ሳያገኝ እንደ ኖረ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ገልጸዋል።

፬. አስቀድመው የሚታዩ ምልክቶች

ባለሙያዎች «ረኀብ ገብቷል» ብለው የሚያውጁት፥ ከመቶ ቤተ ሰብ 20 ፈጽሞ የሚበላው ሲያጣ፥ ከመቶ ሕፃናት 30 ሲመነምኑና ከ10,000 ሰው በየቀኑ 2 ሲሞቱ ነው። ይህ መለኪያ ለማረጋገጫ ይጠቅማል እንጂ ለማስጠንቀቂያ አይበቃም። በሶማሊያ በሐምሌ 2003 ዓ.ም. ረኀብ በታወጀ ጊዜ፥ በዚያ መከራ ከሞቱት ወደ 260,000 ከሚጠጉ ሰዎች ግማሽ ያህሉ አስቀድመው ሞተው ነበር። ስለዚህ አስተዳዳሪና የከተማ ሰው የሚከተሉትን ምልክቶች መጠባበቅ ይገባዋል።

ሀ) የእህል ዋጋ ከወቅቱ ውጭ ሲወጣ የፍየልና የበግ ዋጋ ሲወድቅ። ትናንት አንድ ፍየል ይገዛው የነበረውን ማሽላ ዛሬ ሁለት ፍየል ካልገዛው፥ የባላገሩ ዐቅም በግማሽ ተቈርጧል ማለት ነው።

ለ) የእርሻ በሬና የወተት ላም ለገበያ ሲበዙ፥ ለዘር የተቀመጠውም እህል ሲበላ። ይህ ሲሆን የዘንድሮው ችግር ወደሚመጣው ዓመት ተሻገረ።

ሐ) ልጆች ከትምህርት ቤት ሲቀሩ፥ አባቶችም ያለ ልማዳቸው ወቅት ለቀን ሥራ ሲሄዱ።

መ) ዕድሜያቸው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ከሆነ ሕፃናት የክንዳቸው ዙሪያ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ሲበዛ። ከ11.5 በታች የሆነው ሕፃን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት።

፭. ሊደረግ የሚገባው

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፥ ሰው በቀየው ሳለ የሚሰጥ ጥቂት እርዳታ ከተሰደደ በኋላ ከሚሰጠው ብዙ እርዳታ ይበልጣል። የመጀመሪያው ተግባር የገበያውን ዋጋ በየሳምንቱ መመዝገብና ዕውነተኛውን ወሬ ሳይሸሽጉ ለበላይ ማስታወቅ ነው፤ የተደበቀ ረኀብ እርዳታን ከማዘግየት በቀር የጠቀመው ነገር የለም። ሁለተኛው፥ ገበሬው በሬውንና ዘሩን ሳይሸጥ እህል ወይም ገንዘብ እንዲደርሰው ማድረግ ነው። በአገራችን በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም የቆመው በዚህ ዐሳብ ላይ ነው። ሦስተኛው፥ የእህል መንገድን ክፍት ማድረግ ነው፤ የተቋረጠ መንገድ የሞላውን ጎተራ ለራብተኛው ባዶ ያደርገዋልና። አራተኛው፥ ስደተኛ በደረሰ ጊዜ ከእህሉ ጋር ንጹሕ ውኃና የኩፍኝ ክትባት አብሮ እንዲቀርብ ማድረግ ነው።

የከተማ ነዋሪም «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» ብሎ ሊተወው አይገባም። በሬውን በርካሽ የሚሸጠውን ገበሬ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው በገበያ የሚውለው ሰው ነው። ያየውን በጊዜው ቢናገር የብዙ ቤት እሳት ሳይጠፋ ይድናል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በድርቅና በረኀብ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
2. በ1977 ዓ.ም. ወደ ሱዳን ከተሰደዱት መካከል ብዙ ሕፃናት እህል ከታደለ በኋላ ስለምን ሞቱ?
3. በምትኖሩበት ከተማ ገበያ ባለፈው ወር አንድ ፍየል ስንት ኪሎ እህል ይገዛ ነበር? በዚህ ወርስ?