ከመጠምጠም መማር ይቅደም
(ስለ ሥነ ጽሑፍ ውድድርና ስለ ጽሑፍ ሥልጠና የቀረበ ትምህርት)



ባለፈው ወር የከተማችን ደራስያን ክበብ ያወጣው ማስታወቂያ በአዳራሻችን በር ላይ ተለጥፎ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። ማስታወቂያው ሁለት ነገር ይዞ ነበር። አንደኛው የግጥምና የአጭር ልብ ወለድ ውድድር ነው። ሁለተኛው ብዙዎች ወርክሾፕ የሚሉት፣ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚደረግ የጽሑፍ ሥልጠና ነው። ውድድሩን ሁላችንም አነበብን፤ ስለ ሽልማቱም ብዙ ተነጋገርን። ከግርጌ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ሥልጠና ግን ልብ ያለው ጥቂት ሰው ነው። ከዚህም በላይ አምና ተወዳድረው ያልተሳካላቸው ሦስት ጓደኞቻችን «ከእንግዲህ ብዕር አንይዝም» ብለው ለዚህች ለራሳችን መጽሔት እንኳ ጽሑፍ መስጠት ትተዋል። ነገሩ ስላሳሰበኝ፣ በእኔም ላይ ደርሶ ስላየሁት፣ ይህን አጭር ትምህርት ለማቅረብ ተነሣሁ።

1. ውድድር ይመዝናል፣ ሥልጠና ያርማል

ውድድር የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ይኸውም «በዚህ ጊዜ ከቀረቡት ጽሑፎች መካከል በእነዚህ ዳኞች ዓይን የበለጠው የትኛው ነው?» የሚል ነው። ከዚህ አልፎ የተሸነፈው ጽሑፍ የት ላይ እንደ ታመመ፣ በምንስ እንደሚድን አይናገርም። ዳኞች ብዙ ወረቀት በጥቂት ቀን አንብበው መጨረስ ስላለባቸው ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ምክንያቱን ሊጽፉለት አይችሉም። ስለዚህ ደረጃ ያላገኘ ሰው ወደ ቤቱ የሚመለሰው ስሙ አለመጠራቱን ብቻ ይዞ ነው። ያሸነፈውም ቢሆን ለምን እንዳሸነፈ በውል ሳያውቅ ሊቀር ይችላል።

ይህን ማለቴ ግን ውድድር ጥቅም የለውም ለማለት አይደለም። ውድድር ቀነ ገደብ ስላለው «ነገ እጨርሰዋለሁ» የምንለውን ጽሑፍ ዛሬ ያስጨርሰናል። የገጽና የስንኝ ልክ ስለሚወሰን ትርፉን መቁረጥ ያስተምረናል። ከሁሉም በላይ ጽሑፋችንን የማያውቀን ሰው እንዲያነበው ያደርጋል። እናትና ጓደኛ እኛን ስለሚወዱ ጽሑፋችንንም ይወዱልናል፤ የማያውቀን ሰው ግን ከወረቀቱ በቀር የሚያየው ነገር የለውም።

ሥልጠናው ደግሞ ሌላ ነው። በዚያ አንደኛና ሁለተኛ የለም። ዐሥር ወይም ዐሥራ ሁለት ሰዎች በክብ ተቀምጠው የአንዱን ጽሑፍ ያዳምጣሉ፤ የገባቸውንና ያልገባቸውን ይነግሩታል፤ እርሱም ይዞት ሄዶ ያቃናዋል። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለዚህ ይስማማል። ሽልማት ጥምጥም ነው፤ እርማት ግን ትምህርት ነው።

2. ከእኛ በፊት የነበሩት እንዴት አደረጉ?

በጉባኤ ተቀምጦ መታረም ትናንት የመጣ ነገር እንዳይመስለን። ዋድላ፣ ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው የሚጠራው በቅኔ ትምህርት ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ብቻውን ዛፍ ሥር ወይም ሜዳ ላይ ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ከዚያ ወደ መምህሩ መጥቶ ይነግራል። መምህሩም ሰዋስው የተበላሸበትን፣ ዜማው ያልሞላውን፣ ሰሙና ወርቁ ያልተገናኘበትን እየነቀሱ ያቃኑለታል። ትምህርቱ የሚጀመረው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ነው፤ ከዚያም ዘአምላኪየ እያለ ወደሚረዝመውና ወደሚከብደው ይሄዳል። ተማሪው ትናንት የተቀኘውን ዛሬ መድገም አይፈቀድለትም፤ ሌላ አዲስ ይዞ መቅረብ አለበት። እንግዲህ ያ ተማሪ ስንት ጊዜ ታርሞ ነው በበዓል ቀን በሊቃውንት ፊት ቆሞ «ይበል!» የሚባለው? የሚያስመሰግነው የአንድ ቀን ቅኔ ከበስተኋላው የብዙ ቀን እርማት አለው።

በዘመናዊው ትምህርት ቤት ደግሞ ጎልቶ የወጣው ውድድሩ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ፣ በ1950ዎቹ ተማሪዎች በኮሌጅ ቀን በዓል ግጥም እየጻፉ ይወዳደሩ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበትም ይነበብ ነበር። በ1953 ዓ.ም. የቀረበው የታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» ስለ ድሃው ኑሮ በግልጥ በመናገሩ ብዙ ሰው ያነጋገረ ግጥም ነው። በ1959 ዓ.ም. ደግሞ ገሞራው በሚል ስም የሚታወቀው ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ «በረከተ መርገም» የተሰኘውን ረጅም ግጥም ጻፈ። ዛሬ ሰው የሚያነሣው እነዚህን ግጥሞች ነው። በዚያ ዘመን ማን አንደኛ፣ ማን ሦስተኛ እንደ ወጣ ግን ከተመራማሪ በቀር የሚጠይቅ የለም። ደረጃው አለፈ፤ ጽሑፉ ቀረ።

ደራስያን ራሳቸውም ቢሆኑ ተሰባስበው መነጋገር እንደሚያስፈልጋቸው ያወቁት ቀደም ብለው ነው። የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር የተመሠረተው በ1952 ዓ.ም. ነው። «ብሌን» የተባለውን መጽሔት ያሳተመውም ይኸው ማኅበር ነው። የእኛ ከተማ ክበብ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው፤ ለብቻ የተጻፈውን አብሮ ማየት።

3. በእኔ ላይ የደረሰው

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ሲንገሩን አስቀምጦ ከጧት እስከ ማታ ይሰፋ ነበር። የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ዐረፈ። በዚያው ዓመት ክበቡ ውድድር ሲያወጣ ስለ እርሱ ሃያ አራት ስንኝ ግጥም ጽፌ ላክሁ። «የደረቀ ምንጭ»፣ «የተናደ ግንብ»፣ «የጠፋች ፋና» የሚሉ ቃላት ነበሩበት። እየጻፍኩ አልቅሻለሁ፤ ስለዚህ የሚሰማውም ሁሉ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር።

የውጤቱ ቀን ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ስም ተጠራ፤ የእኔ አልነበረበትም። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያን ቀን የወደቀው ግጥሜ ሳይሆን አባቴ መሰለኝ። ዳኞቹን በልቤ ተጣላኋቸው። «ያልተሳካላችሁ ለሥልጠናው ኑ» ሲባል «በሐዘኔ ላይ ደግሞ ሊያርሙኝ ነው?» ብዬ ቀረሁ። አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት ስንኝ አልጻፍኩም።

በዓመቱ አንዲት ጓደኛዬ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ሥልጠናውን የሚመሩት ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ነበሩ። ያንኑ ግጥም አነበብኩ። ጥቂት ዝም ተባለ። ከዚያ እኒያ መምህር ቀስ ብለው፣

«ልጄ፣ አባትሽ ምን ይሠሩ ነበር?» አሉኝ።

«ልብስ ሰፊ ነበር፣ ጋሼ።»

«ታዲያ እዚህ ውስጥ መርፌ የለም፤ ክርም የለም። ይኸ ግጥም ለእኔም አባት ይሆናል። የሞቱት ግን ያንቺ አባት ናቸው።»

ፊቴ ጋለ። ምንም ሳልመልስ ወረቀቴን አጥፌ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ በልቤ ስሟገታቸው ሄድኩ። ቤት ገብቼ ግን የሲንገሩን መሳቢያ ከፈትኩ፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ የነካው ሰው አልነበረም። በውስጡ ቁልፎች፣ የተጠቀለለ ሜትር፣ አንዲትም የደረቀች የሳሙና ቁራጭ አገኘሁ። አባቴ ጨርቅ ከመቁረጡ በፊት የሚያሰምረው በእርሷ ነበር። በአውራ ጣቱ ልክ ጎድጉዳለች።

ያን ማታ አዲስ ግጥም ጻፍኩ። ስምንት ስንኝ ብቻ ነው። ምንጭም ግንብም የለበትም፤ ያቺ ሳሙናና ያ ጣት ናቸው ያሉበት። በማግስቱ ቡና ሲፈላ ለእናቴ አነበብኩላት። ሲኒውን አስቀምጣ ብዙ ዝም አለችና «ሳሙናዋን እንዴት አስታወስሻት?» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።

ግጥሙን ያን ዓመት ለውድድር ላክሁት፤ አሁንም ደረጃ አላገኘም። እኔ ግን እንደ ፊተኛው አልታመምኩም። ወረቀቱን እናቴ ወስዳ በመሳቢያው ውስጥ ከሳሙናዋ ጋር አስቀምጣዋለች። ስለዚህ ነው «አንይዝም» ብለው ብዕር ላስቀመጡት ጓደኞቼ የምናገረው። የቀረባችሁ ሽልማቱ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ፤ የምፈራው ያ አንድ ጥያቄ ሳይደርሳችሁ እንዳይቀር ነው።

4. በሥልጠናው ላይ እንዴት እንቀመጥ?

ሀ) ጽሑፍህ ሲነገርበት ዝም በል። «እኔ ለማለት የፈለግሁት...» ብለህ ማብራራት ከጀመርክ አንባቢው የገባውን ሳይሆን አንተ የነገርከውን ይመልስልሃል። ጽሑፍህ ሰው እጅ በገባ ጊዜ አንተ አጠገቡ ቆመህ አታስረዳለትም።

ለ) አስተያየት ስትሰጪ አስቀድመሽ የሰማሽውን ተናገሪ። «ሦስተኛው ስንኝ ላይ ቤቱ ታየኝ፤ አምስተኛው ላይ ግን ማን እንደሚናገር ጠፋብኝ» ማለት ይጠቅማል። «ጥሩ ነው» ወይም «አልወደድኩትም» ማለት ግን ለጸሐፊው የሚይዘው ነገር አይሰጠውም።

ሐ) የሚታረመው ወረቀቱ እንጂ ሰውየው አይደለም። በተለይ ስለ ሐዘኑ የጻፈ ሰው ሲያነብ ድምፃችንን ዝቅ እናድርግ። እኒያ መምህር በመጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ስንኜ ሳይሆን ስለ አባቴ እንደ ነበር አልረሳውም።

መ) የተነገረህን ሁሉ አትቀበል፤ ሁሉንም አትጣል። ሦስት ሰው አንድ ቦታ ላይ ከተደናቀፈ ግን ድንጋዩ እዚያ እንዳለ እወቅ።

5. ለውድድር ስንልክ

ውድድሩ ሊዘጋ ጥቂት ሳምንት ስለ ቀረው ይህንንም ልጨምር። አስቀድማችሁ ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው አንብቡ። የገጹ ልክ ካለፈ፣ ቀኑም ከተላለፈ፣ ያማረ ጽሑፍ እንኳ ሳይነበብ ሊቀር ይችላል። ብዙ ውድድሮች ስም ከጽሑፉ ጋር እንዳይሆንና በሌላ ፖስታ እንዲገባ ያዝዛሉ፤ ይህም ዳኛው ዘመድና ባዳ እንዳይለይ ነው። አንድ ቅጂ ለራሳችሁ አስቀሩ። የሌላ ሰው ሐረግ እንደ ራሳችሁ አድርጋችሁ አታስገቡ።

ደግሞም መብታችሁን እወቁ። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቷል። በዚህ አዋጅ መሠረት ራሳችሁ አመንጭታችሁ በወረቀት ያሰፈራችሁት ሥራ ለመጠበቅ ምዝገባ አይጠብቅም፤ የደራሲው የኢኮኖሚ መብትም በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጸናል። ስለዚህ አዘጋጆቹ ያሸነፉትን ጽሑፎች በመጽሐፍ ማሳተም እንፈልጋለን ቢሉ፣ በምን ስምምነት እንደ ሆነ ሳትፈርሙ በፊት መጠየቅ ነውር አይደለም።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ውድድሩንም አትተዉት፤ ሥልጠናውንም አትዝለሉት። ቅደም ተከተሉን ግን እናስተካክል። የሚቀጥለው ሥልጠና የፊታችን ቅዳሜ ነው። እኔ አዲስ የጻፍኩትን ያልተቃና ግጥም ይዤ እሄዳለሁ። አምና ያዘናችሁት ሦስታችሁም ያንኑ የወደቀውን ጽሑፋችሁን ይዛችሁ ኑ፤ በር ላይ እጠብቃችኋለሁ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ከጻፋችሁት ውስጥ «ይኸ ለማንም ይሆናል» የሚባል ስንኝ ወይም ዐረፍተ ነገር አለ? ከእናንተ በቀር ማንም የማያውቀው አንድ ዕቃ ወይም ድርጊት ቢገባበት ምን ይለወጣል?

2. ከአሁን በፊት ተነግሯችሁ ያስቆጣችሁ፣ ኋላ ግን እውነት ሆኖ ያገኛችሁት አስተያየት ካለ ለጓደኞቻችሁ ተናገሩ።

3. በቅኔ ቤት እርማትና በዛሬው ሥልጠና መካከል አንድ የሚሆነውና የሚለየው ምንድን ነው?

ይቆየን።