ስለ ቴፕ መሣሪያዎችና ሞኒተሮች አገጣጠም

በመንግሥት መሥሪያ ቤትም ሆነ በግል ቤት የሚገኝ አሮጌ የቪዲዮ ካሴት፣ ሌላ ቅጂ ከሌለው፣ እንደ ታሪክ መዝገብ የሚቈጠር ነው። ይህም መዝገብ በእሳትና በዝናብ ብቻ ሳይሆን፣ በማይገባው መሣሪያ ውስጥ ገብቶ አንዲት ቍልፍ በመነካቷ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ካሴት የሚገለብጡና የሚያቀናብሩ ሰዎች የመሣሪያዎቹን አገጣጠም ጠንቅቀው ማወቅ ይገባቸዋል።

የነገሩ ክብደት በጎረቤት አገር በሱዳን ታይቷል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት በተነሣ ጊዜ በኡምዱርማን ያለው የሱዳን ቴሌቪዥን ሕንጻ በፈጥኖ ደራሽ ኃይል እጅ ወደቀ፤ የአገሩ ጦር መልሶ የያዘው በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. ነው። በዚያ መካከል ለብዙ ዓመታት ለተከማቸው ቴፕ እጅግ ተሠግቶ ነበር። በካርቱምም እንደ አል-ጣኢፍ ካሉት ሠፈሮች ብዙ ሕዝብ ቤቱን ትቶ ተሰደደ። በድንገት የሚሰደድ ሰው ደግሞ የሚያነሣው ልጁንና ስንቁን እንጂ የካሴት ሣጥን አይደለም። ቅጂ አስቀድሞ መዘጋጀት ያለበት ስለዚህ ነው።

አንደኛ፤ ዋናውን ካሴት መጠበቅ ነው። በቪ.ኤች.ኤስ. ካሴት ጀርባ ያለችው ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ከተሰበረች መቅጃው በላዩ ሊቀዳ አይችልም። አገጣጠሙም የሚፈተነው ዋጋ በሌለው ካሴት ነው።

ሁለተኛ፤ የሥዕሉንና የድምፁን መንገድ መለየት ነው። ከማጫወቻው መውጫ የሚነሣው ሽቦ በመቅጃው መግቢያ ላይ ይሰካል፤ መውጫ ከመውጫ ጋር አይገናኝም። ሥዕሉ በ75 ኦም ሽቦ ይሄዳል፤ ድምፁም ቀኝና ግራው ተለይቶ በሌላ ሽቦ ያልፋል።

ሦስተኛ፤ ሞኒተሮቹን ማያያዝ ነው። አንዱ ከማጫወቻው፣ ሁለተኛው ከመቅጃው መውጫ ጋር ይያያዛል። የመቅጃው መግቢያ በትክክል ተመርጦ፣ የማጫወቻው ሥዕል በሁለተኛው ሞኒተር ላይ ከታየ መንገዱ የተቃና ነው። ማጫወቻው አንድ የሥዕል መውጫ ብቻ ያለው እንደ ሆነ፣ ሽቦው ወደ ሞኒተሩ ገብቶ ከሞኒተሩ መውጫ ወደ መቅጃው ይሻገራል። በዚህ ጊዜ በሞኒተሩ ጀርባ ያለው የ75 ኦም ማብሪያ መጥፋት አለበት፤ መስመሩ የሚቋጨው በመጨረሻው መሣሪያ ላይ ብቻ ነውና። በሁለት ቦታ ከተቋጨ ሥዕሉ ይጨልማል፤ ጨርሶ ካልተቋጨ ከመጠን በላይ ይነጣል።

አራተኛ፤ ቅንብሩ ነው። መቈጣጠሪያው ሁለቱን መሣሪያዎች ጥቂት ሰከንድ ወደ ኋላ መልሶ አብረው እንዲሮጡ ያደርጋል፤ ፍጥነታቸው ሲረጋ ቅጂው ይጀመራል። በፓል ሥርዓት በአንድ ሰከንድ 25 ሥዕሎች ስለሚያልፉ ጥቂት መዘግየት እንኳ በዓይን ይታያል። ትዕይንቶቹም በተራ ስለሚቀዱ፣ በመካከል አንድ ለመጨመር ከዚያ ወዲህ ያለውን እንደገና መቅዳት ያስፈልጋል። ቅጂ ከቅጂ በተቀዳ ቍጥር ሥዕሉ እየደከመ ስለሚሄድ ሁልጊዜ ከዋናው መቅዳት ይመረጣል።

ጊዜውም አይጠብቅም። የቪ.ኤች.ኤስ. መሣሪያ በመሥራት የመጨረሻ የነበረው የጃፓን ኩባንያ ፉናይ ሥራውን ያቆመው በ2008 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በመቅጃው ፋንታ ኮምፒዩተር ቢተካም የመውጫና የመግቢያ ሕግ አልተለወጠም። እንግዲህ ካሴት ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ በመዝገብ ቈጥሮ፣ ማጫወቻው ሳይበላሽ አስገልብጦ፣ ሁለት ቅጂ በሁለት የተለያየ ቦታ ቢያኖር፣ አንዱ ቢጠፋ ሁለተኛው ለትውልድ ይተርፋል።