ግላንዱን ከማጥበቅሽ በፊት

እስኪ መጋዙን አንዴ አስቀምጪው፣ እህቴ። ብሬከሩን ማጥፋትሽን አይቻለሁ፤ ቆልፈሽበታል ወይ? ሌላ ሰው መጥቶ እንዳያበራው ቆልፊና ወረቀት ለጥፊበት። ከዚያ በቴስተር ፈትሺ። ቴስተሩን ራሱን ከመለካትሽ በፊትም በኋላም ኤሌክትሪክ ባለበት ቦታ ሞክሪው፤ የተበላሸ ቴስተር «ኤሌክትሪክ የለም» ብሎ ያታልላል።

አሁን ኬብሉን ከፓኔሉ ጋር ወደሚያስረው ግላንድ እንለፍ። የላስቲክ ኮፍያውንና የግላንዱን የኋላ ክፍል አስቀድመሽ ኬብሉ ላይ አስገቢ። ከዚያ የውጩን ልባስ ዙሪያውን ቁረጪ። ከሥሩ ያሉትን የብረት ሽቦዎች በመጋዝ እስከ ግማሽ ውፍረታቸው ብቻ ቁረጪ፤ የቀረውን ወዲያና ወዲህ እያጠፍሽ ስበሪው። መጋዙ ወደ ውስጥ ከዘለቀ የውስጡን ልባስ ይሰነጥቃል። ጉዳቱ ዛሬ አይታይም፤ እርጥበት ሲገባ ነው የሚወጣው።

ሽቦዎቹን በግላንዱ ሾጣጣ ላይ ዘርጊያቸው። አንድም አይቅር፣ አንዱም በሌላው ላይ አይደረብ። እነዚህ ሽቦዎች ኬብሉን ከዶማና ከድንጋይ ለመከላከል ብቻ የተሠሩ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። የኧርዝ መንገድም ናቸው እኮ! 380 ቮልት የተሸከመ ኬብል መሬት ውስጥ በዶማ ቢመታ፣ ዶማው መጀመሪያ የሚያገኘው ኧርዝ የተደረገውን ብረት ነው። ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ከረንቱ በዚያው ብረት ይመለስና ብሬከሩ ወዲያው ይወርዳል። ግላንዱ ከላላ ግን ከረንቱ መመለሻ ያጣል፤ የፓኔሉ ቆርቆሮ ኤሌክትሪክ እንደያዘ የሚነካውን ሰው ይጠብቃል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው፦ የላላ ግላንድ አምፖሉን ከመብራት፣ ሞተሩንም ከመዞር አያግደውም። ማንም ሳያውቅ ዓመታት ያልፋሉ።

የፓኔሉን ቀለምም አትመኚው፤ ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የኧርዝ ቀለበቱን ከግላንዱ ጋር አስገቢና በብሎን እሰሪው፤ ከእሱ ወደ ኧርዝ ባሩ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ሳቢ። ስታጠብቂ ሁለት ቁልፍ ያዢ፤ በአንዱ ግላንዱን ያዢው፣ በሌላው ዳዶውን አዙሪ፣ አለበለዚያ ኬብሉ አብሮ ይጠመዘዛል።

ሥራው ደጅ ከሆነ የውጩን ልባስ አጥብቆ የሚይዝ ጎማ ያለውን ግላንድ አስገዢ። ባለቤቱ ስለ ዋጋው ቢከራከርሽም በቤት ውስጡ ግላንድ አትስማሚ።

በመጨረሻ ብረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ መገናኘቱን ለኪ። ከዚያ ኬብሉ ከምንም ዕቃ ጋር ሳይገናኝ በሜገር (በኢንሱሌሽን መለኪያ)፣ በ500 ቮልት ፈትሺው፤ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ካሳየሽ አታብሪው። አሠሪው ቢያጣድፍሽ «ሳልለካ አላበራም» በይው።