ትምህርት ዐሥራ አራት፦ የምክንያትና የውጤት አንቀጽ

አንድ ነገር ከሌላው የተነሣ መሆኑን የሚያስረዳ አንቀጽ የምክንያትና የውጤት አንቀጽ ይባላል። በዚህ ዓይነት አንቀጽ ጸሐፊው «ይህ ለምን ሆነ?» ወይም «ከዚህ የተነሣ ምን ሆነ?» ለሚል ጥያቄ መልስ ይሰጣል። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ፤ ስታነቡም ምክንያቱ የቱ፣ ውጤቱ የቱ እንደ ሆነ ለዩ።

ሀ. ምንባብ፦ ሁለት ሕመም፣ አንድ በር

በኢትዮጵያ የኤድስ ሕመምተኞች ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በነፃ መታደል የጀመረው ግን በ2005 ነበር። በነዚህ ዓመታት መካከል ብዙ ሰው አልቋል። ዛሬ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው ሠርቶና ወልዶ ረዥም ዕድሜ ሊኖር ይችላል፤ በደሙ ያለው ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ቀንሶ ከቆየም በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም።

ይሁን እንጂ መድኃኒቱ የሚሠራው ሲዋጥ ብቻ ነው። ቫይረሱ በደሙ እንዳለ የተነገረው ሰው ብዙ ጊዜ ከሐዘን፣ ከኀፍረትና ከጎረቤት ሐሜት ጋር ይታገላል። ሐዘኑ ለሳምንታት ሲጸና ድባቴ የሚባለው ሕመም ሊሆን ይችላል። ድባቴ የያዘው ሰው እንቅልፍ ያጣል፤ ምግብ ያስጠላዋል፤ ነገን ተስፋ ስለማያደርግም መድኃኒቱን ሊተው፣ ቀጠሮውንም ሊያሳልፍ ይችላል። በዚህም ምክንያት በደሙ ያለው ቫይረስ እንደገና ይበዛል፤ መድኃኒቱንም ሊለምደው ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ የመድኃኒቱን ዓይነት ቢለውጥ እንኳ፣ የሕመምተኛውን የልብ ጭንቀት ካልጠየቀ ድካሙ ከንቱ ሊሆን ይችላል።

ችግሩን የሚያከብደው የሁለቱ ሕክምናዎች መራራቅ ነው። በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ለብዙ ዘመን በአብዛኛው በአዲስ አበባው የአማኑኤል ሆስፒታል ተወስኖ ኖሯል። የኤች.አይ.ቪ. ሕክምና ግን በየወረዳው ጤና ጣቢያ ይሰጣል። ወደ ሩቅ ከተማ የተላከ ሕመምተኛ የመጓጓዣ ገንዘብ ስለሚያጥረው፣ «እብድ» መባልንም ስለሚፈራ፣ የሪፈር ወረቀቱን እንደ ያዘ ከቤቱ ሊቀር ይችላል።

መራራቁ ግን የማይቀር ዕጣ አይደለም። በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የሠለጠኑ አሮጊቶች በጤና ጣቢያ ግቢ በአግዳሚ ወንበር ተቀምጠው የተጨነቀውን ሰው ያነጋግራሉ። ሐኪሞች አይደሉም፤ ችግርን ከፋፍሎ አንድ በአንድ መፍታትን ግን ተምረዋል። በ2016 በ573 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ፣ ይህን ምክር ያገኙት ከስድስት ወር በኋላ ካላገኙት ይልቅ ድባቴያቸው እጅግ መቀነሱን አሳይቷል። ከተሳታፊዎቹም ጥቂት የማይባሉት ቫይረሱ በደማቸው ያለ ነበሩ። የዓለም የጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም በ2022 ሁለቱ ሕክምናዎች እንዲጣመሩ መመሪያ አውጥተዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ሰው በሽታውን እንዳይደብቅ ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው ሊኖር ይገባል።

ለ. ማብራሪያ

«ነገን ተስፋ ስለማያደርግም መድኃኒቱን ሊተው ይችላል» በሚለው ዓረፍተ ነገር «ስለ» ያለበት ሐረግ ምክንያቱን ይይዛል፤ ማሰሪያ አንቀጹ ውጤቱን ይናገራል። ቀጥሎም ውጤቱ ራሱ ምክንያት ሆኖ ሌላ ውጤት ያስከትላል፤ መድኃኒቱ ሲተው ቫይረሱ ይበዛልና። «ይተዋል» ሳይሆን «ሊተው ይችላል» የተባለውም ድባቴ የያዘው ሁሉ መድኃኒቱን ስለማያቋርጥ ነው። ሊሆን የሚችለውን እንደ ተረጋገጠ አድርጎ መጻፍ ትልቅ ስሕተት ነው።

ሐ. መልመጃ

፩. ድባቴ የመድኃኒቱን ሥራ የሚያሰናክለው እንዴት ነው? ምክንያቱንና ውጤቱን በቅደም ተከተል ጻፉ።
፪. ወደ ሩቅ ከተማ የተላከ ሕመምተኛ ከቤቱ እንዲቀር የሚያደርጉትን ሁለት ምክንያቶች ጥቀሱ።
፫. የሚከተሉትን በ«ስለ» ወይም በ«ስለዚህ» አያይዙ።
   ሀ) ወይዘሮዋ ወደ ሆስፒታሉ አልሄዱም። የመጓጓዣ ገንዘብ አልነበራቸውም።
   ለ) ነርሷ ስለ እንቅልፉ ጠየቀችው። ሕመምተኛው ጭንቀቱን ተናገረ።

መ. ድርሰት

«ሁለቱን ሕክምናዎች በአንድ ግቢ ማግኘት ለሕመምተኛው ምን ይጠቅማል?» በሚል ርእስ ከ10 እስከ 12 መሥመር የሚሆን አንቀጽ ጻፉ። የምታውቁትን ሕመምተኛ ስምም ሆነ መለያ አትጥቀሱ፤ የሰውን ምስጢር መጠበቅ የሐኪም ብቻ ሳይሆን የጸሐፊም ግዴታ ነው።