የአባት ጎራዴ እጀታ የራሱ ነው ወይስ የተተካ?

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ጎረቤቴ ከአባቱ የቀረውን ጎራዴ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፎ አስቀምጦታል። ከታላቅ ወንድሙ ጋር ውርስ ሊካፈሉ ነው፤ የተጣሉት ግን በእጀታው ነው። ታላቁ «የአውራሪስ ቀንድ ነው» ይላል። እሱ ደግሞ «የምን አውራሪስ! አባዬ ኋላ ያስገባው የከብት ቀንድ ነው» ባይ ነው። «እስቲ አንተ እየው» አለኝ።

ሽጉጥ ቢሆን የሚጠየቀው እጀታው ከፋብሪካ አብሮት መውጣቱ ነው። የእኛ ጎራዴ ግን ብዙ ጊዜ ስለቱ ከባሕር ማዶ መጥቶ እጀታውን ያገኘው ከአገር ቤት ባለሙያ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ስለቱና እጀታው አብረው አርጅተዋል ወይ?» የሚል ነው።

አጉሊ መነጽር፣ የስልክ ባትሪና ደረቅ ጨርቅ ይበቃችኋል። ብርጭቆ ወረቀትና ቫርኒሽ አጠገባችሁ እንዳይደርሱ፤ ማስረጃውን የሚያጠፉት እነሱ ናቸው።

ደረጃ 1፦ የስለቱን ትውልድ ለዩ

ስለቱን ከአፎቱ በዝግታ አውጡና እጀታው ሥር ያለውን ጽሑፍ ተመልከቱ። የጀርመኗ ዞሊንገን ወይም የለንደኑ ዊልኪንሰን ስም ልታገኙ ትችላላችሁ፤ አንዳንዱ ላይ ሞዓ አንበሳ ተቀርጿል። እጀታው የነሐስ መከታ ያለው፣ በቆዳና በሽቦ የተጠመጠመ የመኮንን ጎራዴ ከሆነ አብሮት ከፋብሪካ የመጣ ሊሆን ይችላል። መሐሉ ቀጥኖ ሁለት ጫፉ ሰፋ ያለ ቀንድ ወይም እንጨት ከሆነ ግን የአገር ቤት እጅ ሥራ ነው። ይህ ጉድለት አይደለም፤ የእኛ ጎራዴ ወጉ ነው።

ደረጃ 2፦ የእጀታውን አናት መርምሩ

በአገር ቤት አሠራር ከስለቱ የሚቀጥለው ቀጭን ብረት በእጀታው መሐል አልፎ አናቱ ላይ ይወጣል። ከዚያ በመዶሻ ተቀጥቅጦ እንደ ምስማር ራስ ይጠፈጠፋል። ዋናው ምስክር ይህ ነው። ጠፍጣፋው ራስ ዙሪያው ካለው ብረት ጋር እኩል ጠቁሮ፣ ጠርዙም በእጅ ብዛት ከለሰለሰ ለብዙ ዘመን አልተነካም። የሞረድ ጭረት፣ የሚያብረቀርቅ የመዶሻ ምት ወይም አዲስ ብሎን ካያችሁ አንድ ጊዜ ተፈትቷል።

ደረጃ 3፦ መጋጠሚያውን በባትሪ እዩ

ቀንድ በዘመን ብዛት ይኮማተራል። ስለዚህ አሮጌ እጀታ ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት ላይ ፀጉር የምታህል ክፍተት ቢኖረው አትደንግጡ፤ ውስጧ የደረቀ አቧራና የእጅ ወዝ ይኖራል። የሚያሠጋው ክፍተቱ በኮላ ተሞልቶ ሲገኝ ነው። ብል የበላው ትንሽ ጉድጓድም የዕድሜ ምስክር ነው፤ ብል ቀንድ ይበላል፣ ፕላስቲክ አይበላም።

ደረጃ 4፦ ቀንዱ የማን ነው?

የአውራሪስ ቀንድ አጥንት የለውም፤ ፀጉር መሰል ክር ታጭቆ የተሠራ ነው። በጎኑ ስታዩት ትይዩ መስመር፣ በተቆረጠው ጫፉ ላይ ደግሞ የተጠቀጠቁ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ስስ ጠርዙ ላይ ባትሪ ስታበሩበት የማር መልክ ያሳያል። የጎሽና የከብት ቀንድ ግን በአጥንት ላይ የለበሰ ሽፋን ስለሆነ ነጠብጣብ የለውም፤ እንደ ሽንኩርት የተደራረበ ንብርብር ነው። የአረፋ ቀዳዳ ወይም ከላይ እስከ ታች የሚሄድ የቅርጽ ማውጫ መስመር ካለው ፕላስቲክ ነው። በጋለ መርፌ አትፈትኑት፤ የአውራሪሱም የከብቱም ቀንድ ሲቃጠል ፀጉር ፀጉር ይሸታል፤ የሚተርፋችሁ ጠባሳው ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ ከመሸጣችሁ በፊት ሕጉን አስቡ

ድሮ ለመኳንንት ዋንጫና ለጎራዴ እጀታ ቀንዱን የሰጠው ጥቁር አውራሪስ ዛሬ ከአገራችን ዱር ጠፍቷል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ለአደጋ የተጋለጡ እንስሳት ንግድ የሚገደብበት ዓለም አቀፍ ስምምነት አባል ናት፤ በዚህ ስምምነት የአውራሪስ ቀንድ ንግድ ክልክል ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረትም ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ውጭ ላለ ዘመድ ከመላክ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ።

ወደ ጎረቤቴ ጠረጴዛ ልመለስ። አናቱ ላይ ያለው ብረት እንደ ዙሪያው ሁሉ ጠቁሯል፤ የሞረድ ጭረት የለበትም። መጋጠሚያው ውስጥ ያለው የእጅ ወዝ ነው እንጂ ኮላ አይደለም። ጫፉን በመነጽር ስናየው ነጠብጣብ አጣን፤ ያገኘነው ንብርብር ነው። አውራሪስ አይደለም፤ የተተካም አይደለም። ሁለቱም ወንድማማቾች ተሳስተዋል።

ጎረቤቴ ሳቀና ስልኩን አነሣ። «ወንድም ጋሼ፣ እኔም አንተም ተረትተናል» አለው።