መቀስ የሚሸጠው ነጋዴና መቀስ የሚይዘው ተማሪ

ለጠጕር ሥራ የሚያገለግሉ ዕቃዎች ዛሬ በንግድ ውስጥ ሰፊ ስፍራ ይዘዋል። መቀስ፣ ቶንዶስ፣ ማበጠሪያ፣ ካስክ፣ ቢጎዲን፣ የጠጕር ቀለምና ማለስለሻ ከውጭ አገር እየመጡ ከአስመጪው ወደ አከፋፋዩ፣ ከአከፋፋዩም ወደ ባለሱቁ ይተላለፋሉ። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ዕቃዎች አንዱ ስንኳ ብቻውን ጥቅም አይሰጥም። ስኳር ወይም ጨው የገዛ ሰው ያለ አስተማሪ ይጠቀምበታል፤ የመቀስ ጥቅም ግን የሚታወቀው በሠለጠነ እጅ ሲያዝ ነው። ስለዚህ በዚህ ዕቃ የሚነግድ ሰው፣ የጠጕር ሥራ ተማሪ ምን እንደሚማርና በምን ተራ እንደሚማር ቢያውቅ ከኪሣራ ይድናል። የዚህ ትምህርት ዓላማም ይህንኑ በየተራው መግለጽ ነው።

1ኛ፤ ንጽሕና

ደኅና አስተማሪ ለአዲስ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን መቀስ አያስይዘውም። አስቀድሞ የሚያስተምረው ወለል መጥረግን፣ ፎጣ መለወጥን፣ ራስ ማጠብንና መሣሪያ ማጽዳትን ነው። ይህ ተማሪውን ለማድከም የተደረገ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል። ተማሪው ራስ ሲያጥብ የጠጕሩን ብዛትና የአበቃቀሉን አቅጣጫ በጣቶቹ ይማራል፤ በቆዳው ላይ ቁስል ወይም ጭርት መኖሩንም ይመለከታል። ጭርት በማበጠሪያና በቶንዶስ ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ባልተለወጠ ምላጭም በደም የሚተላለፉ ብርቱ በሽታዎች ሊጋቡ ይችላሉ። ስለዚህ አንድ ምላጭ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው።

የቶንዶስ ጥርስ በመጀመሪያ ጠጕሩና ቅባቱ በብሩሽ ይጠረግለታል፤ ከዚያ በኋላ ተሕዋስያንን በሚገድል መድኃኒት ይጸዳል፤ ቆሻሻ የሸፈነውን ብረት መድኃኒቱ አይደርስበትምና። በየሱቁ የሚታየው ሰማያዊ ብርሃን ያለው ሣጥንም ቢሆን ሥራው ብርሃኑ በሚያርፍበት ገጽ ላይ ብቻ ስለ ሆነ፣ ማጽዳትን ሊተካ አይችልም። ሣጥኑን የሚሸጥ ነጋዴ ይህን ለገዥው ቢነግር ከእውነት ጋራ ይነግዳል።

2ኛ፤ የመቀስ አያያዝ

ተማሪው ከዚህ በኋላ መቀስ ይይዛል። የቀለበት ጣቱን በማይንቀሳቀሰው ስለት ቀለበት፣ የአውራ ጣቱን ጫፍ በሚንቀሳቀሰው ያስገባል፤ ሲቆርጥም የሚንቀሳቀሰው አውራ ጣቱ ብቻ ነው። እጁ በሙሉ ከተንቀሳቀሰ መስመሩ ይጣመማል። ይህን ጠጕር ሳይነካ በባዶ አየር ለብዙ ቀን ይለማመዳል።

ለጀማሪ 5.5 ወይም 6 ኢንች የሆነ፣ ሊሳል የሚችል መካከለኛ ዋጋ ያለው መቀስ ይበቃዋል፤ በማበጠሪያ ላይ አስደግፎ የወንድ ጠጕር ለሚቆርጥ ግን 7 ኢንች ይመቻል። በግራ እጁ የሚሠራ ተማሪ የተለየ መቀስ ያስፈልገዋል። በቀኝ መቀስ ሲሠራ ስለቶቹ ስለሚራራቁ ጠጕሩ ሳይቆረጥ ይታጠፋል፤ እርሱም ጥፋቱ የእጁ መስሎት ተስፋ ይቆርጣል። አስመጪው ከብዙ የቀኝ መቀሶች ጋራ ጥቂት የግራ ቢያመጣ አንድን ሠራተኛ ለሙያው ያተርፋል።

3ኛ፤ የመለማመጃ ራስ

ከዚህ ቀጥሎ ተማሪው ሰው ሠራሽ በሆነ የመለማመጃ ራስ ላይ ይሠራል። ጠጕሩን ከግንባር መካከል እስከ ማጅራት፣ ዳግመኛም ከጆሮ እስከ ጆሮ ከፍሎ አራት ያደርገዋል። ከማጅራት በኩል አንድ ቀጭን ረድፍ ጠጕር አውርዶ በሚፈለገው ልክ ይቆርጣል፤ ይህም መሪ ይባላል። የሚቀጥለው ረድፍ ሁሉ የሚለካው በመሪው ነው። ጠጕሩ ወደ ታች ተበጥሮ ሲቆረጥ አንድ ወጥ መስመር ይሆናል፤ በ45 ዲግሪ ተነሥቶ ሲቆረጥ ከታች ወደ ላይ እየተቆለለ ይወፍራል፤ በ90 ዲግሪ ሲቆረጥ ደግሞ ተደራርቦ ይቀላል። በጆሮ አጠገብ ጠጕሩን አጥብቆ መሳብ አይገባም፤ የጆሮው ጕብታ ስለሚያነሣው ሲለቀቅ አጥሮ ይገኛል። በመጨረሻም ተማሪው በቆረጠበት አንጻር በመስቀለኛ ከፍሎ ልኩን ይመረምራል።

ነጋዴው እዚህ ላይ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የመለማመጃ ራስ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የሰው ጠጕር የተተከለበት፣ ሁለተኛው ሰው ሠራሽ ጭረት የተተከለበት ነው። ሁለተኛው ዋጋው ዝቅ ያለ ሲሆን ለሹሩባና ለአከፋፈል ትምህርት ያገለግላል፤ ነገር ግን የጋለ ብረት ሲነካው ይቀልጣል። ይህን ሳይጠይቅ ርካሹን ብቻ ያመጣ አስመጪ፣ ማሠልጠኛው ዕቃውን ሲመልስበት ይከስራል። የሰው ጠጕር ያለው ራስ ውድ ቢሆንም በብልሃት ከተያዘ ለብዙ ትምህርት ይበቃል፤ በመጀመሪያ አንድ ወጥ፣ ቀጥሎ የተቆለለ፣ ከዚያም ተደራራቢ፣ በመጨረሻ በቶንዶስ የሚሠራ አጭር ቁርጥ ይሠራበታል።

4ኛ፤ የሰው ራስ

ሰው በወንበሩ ሲቀመጥ ትምህርቱ ይለወጣል፤ የመለማመጃው ራስ አያፍርም፣ አያዝንም፣ ለጎረቤቱም አይናገርም። የሰው ጠጕር በወር በግምት 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ፣ በስሕተት 3 ሳንቲ ሜትር የተወሰደበት ሰው ስሕተቱን 3 ወር ያህል ተሸክሞት ይዞራል። ስለዚህ ለተማሪው የሚሰጠው ሕግ፣ ያልተቆረጠ ይቆረጣል፣ የተቆረጠ ግን አይመለስም የሚል ነው። የተጠቀለለ ጠጕር እርጥብ ሲሆን ይረዝማል፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ይህን የማያውቅ ተማሪ በትከሻ ልክ የቆረጠው ሲደርቅ ከጆሮ ሥር ይደርሳል። በቶንዶስም ቢሆን ከረጅሙ ማበጠሪያ ጀምሮ ወደ አጭሩ ይወርዳል፤ በተለመደው አቆጣጠር ቁጥር 4 ወደ 13 ሚሊ ሜትር፣ ቁጥር 2 ወደ 6፣ ቁጥር 1 ወደ 3 ሚሊ ሜትር ያስቀራል።

5ኛ፤ ማለስለሻና ቀለም

ብርቱ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በዚህ ነው። ከማለስለሻዎች አንዱ ክፍል የሚሠራው በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ማለት ሳሙና በሚሠራበት ኮስቲክ ሶዳ ነው። ቆዳን ያቃጥላል፤ ከመጠን ያለፈ ጊዜ ከቆየም ጠጕሩን ያሟሟዋል። ተማሪው ጓንት ማጥለቅን፣ የቆዳውን ዳር በቫዝሊን መከላከልን፣ የተቧጨረ ወይም የቆሰለ ራስ አለመንካትን፣ ሰዓት ማየትንና በተመደበለት ሻምፖ ማጠብን መማር አለበት። በታዮግላይኮሌት በተሠራ ጠጕር ላይ ይህን መደረብ ጠጕሩን ይሰብረዋል። የጠጕር ቀለምም በአንዳንድ ሰው ላይ ብርቱ የቆዳ ቍጣ ስለሚያስነሣ፣ በዕቃው ላይ እንደ ታዘዘው ብዙውን ጊዜ 48 ሰዓት አስቀድሞ በጥቂት ቆዳ ላይ ይሞከራል።

እንግዲህ አንድ ባለሱቅ ጥቂት ሳምንት ብቻ ለተማረ ልጅ ይህን ዕቃ ያለ ማስጠንቀቂያ ሸጠ እንበል። ልጁ ሰዓቱን ረስቶ የአንዲት ሴት ራስ ቢቃጠል፣ ሴትዮዋ የምትረግመው ልጁን ብቻ አይደለም፤ የዕቃውን ስም ለዘመዶቿ ትናገራለች። ልጁ እንጀራውን፣ ባለሱቁ ደንበኛውን፣ አስመጪውም ገበያውን ያጣል። መመሪያውን በአማርኛ አስጽፎ ከዕቃው ጋራ መስጠት ከዚህ ጋራ ሲነጻጸር ትንሽ ወጪ ነው።

6ኛ፤ ከሌሎች አገሮች የሚገኝ ምሳሌ

በእንግሊዝ አገር ቪዳል ሳሱን በ1942 እ.ኤ.አ. የ14 ዓመት ልጅ ሳለ በለንደን ለአንድ ጠጕር ሠሪ ተለማማጅ ሆኖ ገባ። የራሱን ቤት በቦንድ ስትሪት የከፈተው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው፤ በመካከሉ 12 ዓመት አለፈ። በ1960ዎቹ ስሙን ያስጠራው ቁርጥ የተመሠረተውም ከላይ በተገለጸው በመሪ፣ በማዕዘንና በልክ ላይ ነበር።

በአሜሪካ ደግሞ ማዳም ሲ. ጄ. ዎከር የተባለችው ጥቁር አሜሪካዊት የጠጕር ቅባት ስትነግድ ዕቃውን ብቻ አልሸጠችም። በ1908 እ.ኤ.አ. በፒትስበርግ ማሠልጠኛ ከፈተች፤ በ1910 ሥራዋን ወደ ኢንዲያናፖሊስ አዛወረች። በ1919 እስክትሞት ድረስ የሠለጠኑ ብዙ ሴቶች የእርስዋን ዕቃ እየሠሩበት ይሸጡላት ነበር። ሙያውና ሸቀጡ አብረው ስለ ሄዱ ሁለቱም አተረፉ።

ማጠቃለያ

በኢትዮጵያ የጠጕር ሥራ በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ይሰጣል፤ ሠልጣኞችም ለብቃት ምዘና ይቀርባሉ። ከዚህም ሌላ በየሱቁ ከባለሙያ ሥር ሆነው የሚማሩ አሉ። ነጋዴው ዕቃ ከማዘዙ በፊት ከአስተማሪዎች ጋራ ቢነጋገርና እነዚህን ጥያቄዎች ቢያቀርብ ይጠቀማል፦ ተማሪዎቹ ከየትኛው ደረጃ ደርሰዋል? መቀሱን በአቅራቢያ የሚስል ሰው አለን? የቶንዶሱ መለዋወጫ ጥርስ ይገኛልን? የመለማመጃው ራስ ጠጕር ከምን የተሠራ ነው? የማለስለሻው መመሪያ በገዥው ቋንቋ ተጽፏልን? የሚያበቃበትስ ቀን ስንት ነው?

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ሳይማር መቀስ ያነሣ ተማሪና ሳይጠይቅ ዕቃ ያመጣ ነጋዴ ኪሣራቸው አንድ ዓይነት ነው። ተማሪው በተራው ቢማር፣ ነጋዴውም የተማሪውን ተራ አውቆ ቢያቀርብለት፣ የዛሬው ተማሪ የነገ ባለሱቅና የዘወትር ደንበኛ ይሆናል።